ያለ አንዳች ጥያቄ

በዚያን ጊዜ ሰው ስሜን ሲጠራኝ “አቤት” የምለው በሁለተኛው ጥሪ ነበር። በመጀመሪያው ልቤ ይመታል፣ በሁለተኛው ድምፄ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር መልሱን እያወቅሁት እጄን ያላወጣሁበት ጥያቄ ብዛቱን እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። አሁን ትንሽ ተሽሎኛል። እንዴት እንደተሻለኝ ነው የምነግራችሁ።

ምሕረት እባላለሁ። የተማርኩት የምግብ ሳይንስ ነው። ተመርቄ ሐረር ከተመለስኩ ዓመት ከሰባት ወር አልፎኝ ነበር። ከእናቴ ጋር ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ በኩል፣ አንዲት ክፍልና አንዲት ማድቤት ተከራይተን እንኖራለን። አባቴ ያረፈው ገና ትንሽ ልጅ እያለሁ ነው። እናቴ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ለተማሪዎች ምገባ ምግብ ታበስላለች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ እኔን የምትሰናበተኝ “ዛሬ ማስታወቂያ ይኖር ይሆናል” ብላ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ “ለምን አልቀጠሩሽም?” አላለችኝም። ያ አለመጠየቋ ነበር የሚከብደኝ።

አሠሪዎች ምን እንደሚፈልጉ በቃሌ አውቀው ነበር። ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋሉ፤ ልምዱን ከየት እንደምናመጣው አይነግሩንም። ጥሩ ነጥብ ይፈልጋሉ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪኛ የሚናገር ይፈልጋሉ። ከሁሉ በላይ ዋስ ይፈልጋሉ፤ ቋሚ ሥራ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያስጽፍልሽ ሰው። ለኔ የሚቆምልኝ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ሁለት ጊዜ ፈተና አልፌ በዋስ ምክንያት ቀርቻለሁ።

እና አንድ ሰኞ ጠዋት ፈረስ መጋላ አደባባይ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይህን አነበብኩ። የሥራ መደብ፦ የጥራት ተቆጣጣሪ። የትምህርት ደረጃ፦ በምግብ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት። ጾታ፦ ሴት። ጸባይ፦ ትሑትና ታዛዥ። በመጨረሻ፣ ከሁሉም በደመቀ ፊደል፦ ዋስ አያስፈልግም።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከጎኔ የቆመ የባጃጅ ሾፌር “አቦ፣ ስምሽ ነው እንዴ የተጻፈው?” ብሎ ሳቀብኝ። ስሜ አይደለም፤ ግን ልክ እኔን አይቶ የጻፈው ይመስል ነበር።

ከአደባባዩ ወደ ጠባቡ ጀጎል መንገድ ሲገባ፣ ጋሽ አብዱሰላም የሚባሉ ሽማግሌ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላቸው። እኔ ማመልከቻ የማስጽፈው እዚያ ነው። እርሳቸው የጽሑፉን ቅጂ ኮምፒውተራቸው ላይ አስቀምጠውታል፤ ስምና የመሥሪያ ቤት ስም ብቻ ይቀይራሉ። ማስታወቂያውን ስነግራቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

“ዋስ አያስፈልግም ይላል?”

“አዎ ጋሽ አብዱ።”

“ወላሂ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ዋስ የማይፈልግ አሠሪ ያየሁት አንዴ ነው። እሱም…” ብለው ቆሙ። ጣታቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ ትንሽ አሰቡ። “ተይው። ሪዝቅ፣ የዕለት እንጀራ፣ በር አይመርጥም። ስም ነግረሽኛል፣ ምሕረት… የአባት?”

የታተመውን ወረቀት እንደ ልማዴ ፊደል በፊደል አነበብኩት። አንድ የተሳሳተ ፊደል አግኝቼ አሳረምኳቸው። መጨረሻው ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ግን እንዳለች አለፍኳት፤ ሁልጊዜም ስለምትኖር። እንዲህ ትላለች፦ “የሚሰጠኝን ማንኛውንም ሥራ ያለ አንዳች ጥያቄ፣ በታማኝነትና በታዛዥነት እንደምፈጽም ቃል እገባለሁ።”

“ይቺን ከጽሕፈት መኪና ዘመን ጀምሬ ነው የምጽፋት” አሉ ጋሽ አብዱሰላም ፈገግ ብለው። “የሐረር ግማሹ ሠራተኛ በእሷ ነው የገባው።”

ሌላው ግማሽስ ሥራ ፈት የሆነው በምን ይሆን? አልኩ፤ በሆዴ። በአፌ ያልኩት “እግዜር ይስጥልኝ” ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ተደወለልኝ። ቢሮው አዲሱ ከተማ፣ ፎቅ ላይ ነበር። ከኔ ሌላ ተፈታኝ አላየሁም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማቸው ይባላሉ፤ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሱ ሰው ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ውሃ አስመጡልኝ። ክፉ ሰው እንዲህ አይሆንም ብዬ አሰብኩ።

ስለ ምግብ ሳይንስ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ።

“አባትሽ ምን ይሠራሉ?”

“አርፈዋል።”

“ነፍስ ይማር። ወንድም?”

“የለኝም።”

“ጤና ቢሮ፣ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ እንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ ዘመድ?”

“የለኝም።”

“እጮኛ?”

አንገቴን ደፋሁ። “የለኝም።”

በእያንዳንዱ “የለኝም” እርሳቸው ፊታቸው ያለው ወረቀት ላይ ራይት ያደርጋሉ። በሕይወቴ “የለኝም” እያልኩ ያለፍኩት ፈተና ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ማመልከቻዬን አወጡ። መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሥር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። “ያለ አንዳች ጥያቄ” የሚለው ሥር ደግሞ ሁለት መስመር። ዝግ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ።

“ይህን ከልብሽ ነው የጻፍሽው?”

ጸሐፊው ናቸው የጻፉት፣ ለሁሉም ነው የሚጽፉት ማለት አፈርኩ። “አዎ” አልኩ።

“እኛ የምንፈልገው ይህን ነው ልጄ። የዛሬ ተመራቂ አፉ ብዙ ነው። ኦርጅናል ዲግሪሽን ይዘሻል?”

ይዤ ነበር። እናቴ በፕላስቲክ አሳሽጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ነበር የሰጠችኝ። አቶ ግርማቸው ተቀበሉኝና ሳያዩት መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉ። “ለፋይል ነው” አሉ። ቁልፉ ሲዞር የሰማሁት “ቀጭ” የሚል ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል። ኮፒ ይበቃ ነበር። ኮፒ እንደሚበቃ አውቃለሁ። ግን ገና በአምስት ደቂቃዬ ጥያቄ መጠየቅ ካሰመሩት መስመር መውጣት መሰለኝ።

ረቡዕ ጠዋት በባጃጅ ወደ መጋዘኑ ወሰዱኝ። ወደ ድሬ ጠያራ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ቤቶቹ ሳስተው የእርሻው መሬት ሲጀምር፣ ብቻውን የቆመ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የለውዝ ሽታ አይደለም። እኛ ሐረሮች ለውዝ የምንለውን፣ ሌላው አገር ኦቾሎኒ የሚለውን፣ ከልጅነታችን ጀምሮ እያሸተትነው ያደግን ነን፤ አፍንጫችን አይሳሳትም። ያ ሽታ የእርጥብ ጓዳ፣ የተረሳ ልብስ ሽታ ነው።

እዚህ ለውዙን ከገብስና ከበቆሎ ጋር ፈጭተው ምጥን ዱቄት ያደርጉታል። እንደ ተራራ ከተቆለለው ጆንያ አንዱ ተቀዶ ያልተፈጨው ለውዝ ፈሷል። በእጄ ዘግኜ ወደ ብርሃን አወጣሁት። ፍሬው ተሸብሽቧል፤ ግማሹ ላይ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ። ሻጋታ። ከዚህ ዓይነቱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል። መርዙ በዓይን አይታይም፤ ብታበስሉት፣ ብትቆሉት አይጠፋም። ጉበት ላይ ይሠራል፤ ከሁሉ ይልቅ የሕፃን ጉበት ላይ። ይህን ለፈተና ስሸመድደው እንዲህ እጄ ላይ ሆኖ አየዋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

“ላቦራቶሪ” የተባለችው ክፍል አንድ ጠረጴዛና አንድ መደርደሪያ ናት። ሚስማር ላይ ነጭ ጋዋን ተሰቅሏል። “ልኩ ይሆንሻል” አሉ አቶ ግርማቸው። ለበስኩት። ልክ የኔ ነበር። ኪሱ ውስጥ እጄን ስከት የተጣጠፈ መሐረብ አገኘሁ፤ ጥጉ ላይ በአረንጓዴ ክር “ኢ” ተጠልፎበታል።

“ቀድማኝ የነበረችው ባለሙያ… የት ሄደች?” አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

“ታማ ነው። ደካማ ልጅ ነበረች። ብዙ ታስባለች።”

እርሳቸው ስልክ ለማናገር ሲወጡ መዝገቡን ገለጥኩት። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ በየሳምንቱ፣ የምርመራ ውጤት ሰፍሯል። አራት። ሦስት። አራት። አራት። ሦስት። ሁሉም ከተፈቀደው በታች። ከዚያ አንድ ገጽ መሐል ላይ ይቆማል፤ ቀኑ ተጽፎ ውጤቱ ባዶ ነው። የመመርመሪያውን ካርቶን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ከፋብሪካ ሲወጣ የተጠቀለለበት ፕላስቲክ እንዳለ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አልተከፈተም። ማብቂያ ቀኑ ካለፈም ቆይቷል።

ቁጥሮቹን እንደገና አየኋቸው። አራት፣ ሦስት፣ አራት። ካርቶኑን ሳይከፍቱ ከየት መጡ?

ያኔ ነው የተሞሉትን ጆንያዎች ልብ ብዬ ያየኋቸው። ነጭ ሆነው መሐላቸው ላይ ሰማያዊ እሸት ታትሞባቸዋል። ያ ሰማያዊ እሸት እኛ ቤት አለ። እናቴ ባዶውን ጆንያ ከትምህርት ቤት አምጥታ፣ ሰፍታ፣ ማድቤት ከልብስ ማጠቢያችን ሥር አንጥፋዋለች። በየቀኑ እረግጠዋለሁ።

አቶ ግርማቸው ተመለሱ። “ነገ አራት ሰዓት መኪና ይጫናል። ሥራሽ ቀላል ነው፤ ቅጹን ሞልተሽ መፈረም።”

“ምርመራው…”

“ምሕረት” አሉ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ “ደብዳቤሽን ታስታውሻለሽ?”

ጋዋኑን አውልቄ በክንዴ ይዤ ወጣሁ።

ከሰዓት ሄጄ ጋሽ አብዱሰላም ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቅሁ። መሐረቡን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ከተሰጠኝ ጋዋን ኪስ እንዳገኘሁት ነገርኳቸው። ጥጉ ላይ የተጠለፈችውን “ኢ” አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

“አስተግፊሩላህ” አሉ። “ያኔ ዋስ የማይፈልግ ያልኩሽ… የኢክራምን ማመልከቻም እኔው ነኝ የጻፍኩት። እንዳንቺው ዝም ያለች ልጅ ነበረች። ስሙ ሌላ ነበር እኮ! የድርጅቱ ስም ሌላ ነበር!” ሱቃቸውን ዘጉ። በቀን፣ በገበያ ሰዓት፣ ሱቅ ሲዘጉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። “ነይ፣ ተከተይኝ።”

ኢክራም የምትኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ግድግዳው ኖራ በተቀባ መተላለፊያ መጨረሻ፣ በአያቶቿ ቤት ነው። የሐረሪን ቤት የገባችሁበት ታውቁታላችሁ፤ መቀመጫው ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ሁለታችንም ገብተን አልታየችንም። በኋላ ከጀርባችን “አሰላሙ አለይኩም” የሚል ድምፅ ሰማን። ከበሩ ኋላ፣ የሚገባ ሰው በማያየው ጥግ ተቀምጣለች። እናቷ “ከዚያ አልነሳ ካለች ወራት ሆናት። ማን እንደሚመጣ ቀድሜ ልየው ትላለች” አሉና ዓይናቸውን አበሱ።

ኢክራም እኔን አላየችም። ያየችው በክንዴ የያዝኩትን ጋዋን ነው። ላጥበው ብዬ ይዤው ነበር።

“ለበስሽው?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ፈረምሽ?”

“ገና። ነገ ነው።”

ተነፈሰች። ከዚያ ቃላቱን እየቆጠበች ነገረችኝ። መጀመሪያ ሰሞን ካርቶኑን ልክፈት ብላ ነበር። “ውድ ነው፣ ለትልቁ ጭነት ይቆይ” አሏት። ቁጥሩን አቶ ግርማቸው ነገሯት፤ እሷ ጻፈች። በኋላ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆችን ሲያስመልሳቸው ዋለ። ምክንያቱ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ማንም በእርግጠኝነት አልተናገረም። ግን ከሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ መጣ፦ “ያረጋገጠችው ባለሙያ ቀርባ ታስረዳ” የሚል። ደብዳቤው ላይ የአቶ ግርማቸው ስም የለም። የሷ ብቻ ነው።

“ምን አሉሽ?” አልኳት።

“ሳቁ። ‘ፊርማው የማን ነው?’ አሉኝ። ድርጅቱን ዘጉት፣ በሌላ ስም ከፈቱት። ዲግሪዬ እሳቸው ጋ ነው። አፌን ከከፈትኩ ‘ራሷ ናት የሠራችው’ ብለው እስር ቤት እንደሚያስገቡኝ ነገሩኝ።” ያቀረብኩላትን መሐረቧን ከእጄ ወሰደች። “ምሕረት ነው ያልሽኝ? እሳቸው የጥራት ተቆጣጣሪ አይደለም የሚፈልጉት። የሚታሰር ሰው ነው የሚፈልጉት።”

ጋሽ አብዱሰላም ግድግዳው ላይ ተደግፈው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር። “እኔ ነኝ የጻፍኳት” ይላሉ ደጋግመው። “ያቺን ቃል እኔ ነኝ የጻፍኳት።”

ቤት ስደርስ እናቴ ከሥራ ገብታለች። ደስታዋን ልትደብቀው አልቻለችም። ጋዋኑን ከእጄ ነጥቃ፣ አጥባ፣ ገመድ ላይ ሰጣችው። ነፋሱ እጅጌውን ሲያነሳው ራስ የሌለው ሰው ግቢያችን ውስጥ የቆመ ይመስል ነበር።

“እማዬ፣ ዛሬ ልጆቹ ምን በሉ?”

“ገንፎ ነዋ። አንዷ ሚጢጢ ‘ይመራል’ ብላ አስቸገረችኝ። ስኳር ጨመርኩላትና በላች።”

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን “ዛሬ እኮ ለጎረቤት ሁሉ ‘ልጄ ሥራ ገባች’ አልኩ” አለችኝ። ዘጋሁት። በዚያች ሰዓት ፈሪ ነበርኩ፤ ይህን ለማስተባበል አልሞክርም።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ቀድሞኝ ደርሶ እየተጫነ ነበር። አቶ ግርማቸው ቅጹን ሰጡኝ። ሦስት ቅጂ አለው፤ የመጀመሪያው ከጭነቱ ጋር የሚሄድ ነው። ተረካቢ በሚለው ሥር የትምህርት ቤቶቹ ስም ተዘርዝሯል። የእናቴ ትምህርት ቤት አንደኛ ላይ ነው።

አልፈርምም ብዬ ጠረጴዛ አልመታሁም። ይህን ያደረገች ሴት ብሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን እኔ ነኝ። የምችለውን አደረግሁ። ውጤት በሚለው ቦታ፣ በንጹሕ ጽሑፌ፣ እንዲህ ጻፍኩ፦ “አልተመረመረም። መመርመሪያው ጊዜው ያለፈበት ነው። ለውዙ ላይ በዓይን የሚታይ ሻጋታ አለ። ለምግብ መዋል የለበትም።” ሥሩ ፈረምኩ።

ቅጹን መልሼ ሰጠኋቸው። እርሳቸው ዓይናቸው የሄደው ወደ ታች፣ ወደ ፊርማው ብቻ ነው። ማኅተሙን አንስተው ትንፋሽ እፍ አሉበትና በላዩ አሳረፉት። አንደኛውን ቅጂ ለሾፌሩ፣ ሁለተኛውን ወደ ፋይል፣ ሦስተኛውን ለኔ። “ጎበዝ” አሉኝ።

አላነበቡትም። “ያለ አንዳች ጥያቄ” የምትለዋን ልጅ ጽሑፍ ምን ሊያነቡ!

መኪናው ሲወጣ ለጥቂት ደቂቃ ደስ አለኝ። እውነቱ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ተረካቢው ያነበዋል፤ እኔ አንድም ቃል ሳልናገር ነገሩ አለቀ ብዬ። ከዚያ ግን አሰብኩ። እርሳቸው ካላነበቡት ተረካቢው ለምን ያነባል? በዚህ ከተማ እኔ የማውቀው ወረቀት ሁሉ እንዴት ነው የሚያልፈው? ሰው ማኅተሙን አይቶ አይደለም እንዴ? ጋሽ አብዱሰላም ሠላሳ ዓመት ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲጽፉ እኛ አንብበናታል?

“ሽንት ቤት” ብዬ ወጣሁ። ጋዋኑን እንደለበስኩ መንገድ ላይ ሮጬ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ “ዶክተር፣ ሰው ታሞ ነው?” አለኝ። “አዎ” አልኩት። “ፍጠንልኝ።” ሸዋ በር ጋ ገበያው መንገዱን ዘግቶት የቆምነው ደቂቃ ከአራት ዓመት ትምህርቴ ረዝሞብኛል።

እናቴ ትምህርት ቤት ስደርስ መኪናው ከግቢው እየወጣ ነው። የእረፍት ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሳህናቸውን ይዘው ማድቤቱ ፊት ተሰልፈዋል። የንብረት ኃላፊው አቶ ከድር የግምጃ ቤቱን በር እየዘጉ ነበር። የኔ ቅጽ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ታጥፏል።

“አቶ ከድር…” አልኩ። አልሰሙኝም።

“አቶ ከድር፣ ያ ዱቄት…”

“አይዞሽ፣ ተረክበነዋል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ምን ጎደለ?” ዞር አሉ።

“ያንብቡት።”

“ምኑን?”

“ወረቀቱን ያንብቡት!”

ያ ድምፅ የኔ ነበር። የግቢው ግድግዳ መልሶ አስተጋባው። ተሰልፈው ይንጫጩ የነበሩት ልጆች ጸጥ አሉ። እናቴ ማማሰያውን እንደያዘች ከማድቤት ወጣች፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ለማየት። ልጇ መሆኗን ስታይ ቆማ ቀረች።

አቶ ከድር ወረቀቱን አውጥተው ዘረጉት። ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። “አልተመረመረም። መመርመሪያው…” ድምፃቸው እየቀነሰ መጣ። መጨረሻውን ያነበቡት በሹክሹክታ ነው። “ኢናሊላሂ” አሉና ወደ ሰልፉ ዞሩ።

“የምታበስሉትም ከዚያው ነው” አልኳት እናቴን። “ያው ጆንያ ነው እማዬ።”

እናቴ አልጠየቀችኝም። ማሰሮው ወደሚንተከተክበት ማድቤት ዞራ አየች። ትናንት ስኳር የጨመረችላትን ልጅ ያሰበች ይመስለኛል። ገብታ ክዳኑን ከደነችው፤ እሳቱን በውሃ አጠፋችው። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ እጆቿን ዘርግታ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ “ዛሬ ገንፎ የለም ልጆቼ፤ ወደ ክፍላችሁ” አለች። አቶ ከድር ስልካቸውን አውጥተው መኪናው ወደሚሄድባቸው ሌሎች ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ይደውሉ ጀመር። ለእያንዳንዱ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ “ወረቀቱን አንብቡት።”

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ተረት አያልቅም። ዱቄቱ ታገደ፤ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ የፈራሁት ሆነ። አቶ ግርማቸው ለተወሰነ ጊዜ ሲጠየቁ ቆዩ፤ አሁን የት እንዳሉ አላውቅም። ሦስተኛዋ ቅጂ በእጄ ባትኖርና የራሳቸው ማኅተም ባያርፍባት ኖሮ ዛሬ እኔም ከበር ኋላ ተቀምጬ ነበር። መሳቢያው በሕግ ሲከፈት የኔና የኢክራም ብቻ አልነበረም የተገኘው፤ የማላውቃቸው ሴቶች ዲግሪዎችም አብረው ነበሩ። የኔ መሐሉ ላይ ታጥፎ ተመለሰልኝ። እጥፋቱ አይጠፋም። እኔም እንዲጠፋ አልፈልግም። ኢክራም ቀርባ ቃሏን ሰጠች፤ እናቷ እንደነገሩኝ አሁን ከበሩ ኋላ ተነስታ ላይኛው መደብ ላይ ትቀመጣለች። ልጆቹ ቀድመው የበሉት ምን እንዳደረጋቸው ግን ማንም ሊነግረን አልቻለም። እናቴ ዛሬም በጠዋት ሰልፉን ስታይ ያቺን ሚጢጢ ፈልጋ ሳታገኝ ማማሰያ አትይዝም።

እናንተ ሥራ ፈላጊዎች፣ በተለይ እንደኔ ዝምተኛ የሆናችሁ እህቶቼ፣ አሠሪ ምን ይፈልጋል ብላችሁ ስትጠይቁ እኔ እንደጠየቅሁት ብቻ አትጠይቁ። ይህ አሠሪ እኔን ለምን ይፈልጋል? በሉ። እኔ ዝምታዬን ጨዋነት ነው እል ነበር፤ አንዳንዱ ሰው ግን ዝምታን እንደ ባዶ ቤት ነው የሚፈልገው፤ የራሱን ዕቃ ሊያስቀምጥበት። ስለ ሥራችሁ ሳይጠይቅ ማን እንዳላችሁ ብቻ የሚጠይቃችሁን ፍሩት። ኦርጅናላችሁን አትስጡ። ደግሞ ያስጻፋችሁትን አንብቡ።

ጋሽ አብዱሰላም ያቺን ዓረፍተ ነገር አጥፍተዋታል። አጠገባቸው ቆሜ ነው ያስጠፋኋት። ሲያጠፏት እጃቸው ትንሽ ዘገየ፤ “ምን እንተካላት?” አሉኝ። “ባዶ ይሁን” አልኳቸው።

ባለፈው ሳምንት በፈረስ መጋላ ሳልፍ ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት አየሁ። የድርጅቱ ስም ሌላ ነው፤ ስልኩም ሌላ። የሥራ ልምድ ዜሮ፣ ጾታ ሴት፣ ትሑትና ታዛዥ፣ ዋስ አያስፈልግም። የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለ። አንዲት ልጅ ከፊቴ ቆማ ስልክ ቁጥሩን መዳፏ ላይ ትገለብጣለች፤ ሰው እንዳያያት አንገቷን ቀብራ። ክንዷ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ምን እንደሆነ ሳላየው አውቄዋለሁ።

“እህቴ” አልኳት።

አልመለሰችም። በመጀመሪያው ጥሪ እንደማትመልስ አውቃለሁ።

ጠጋ ብዬ እንደገና ጠራኋት።